ዓሣውን ሳይጎዱ የአኳሪየም አልጌን መቆጣጠር

አረንጓዴ የለበሰ መስታወት ዓሣ አይገድልም። ዓሣ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ አልጌውን በአንድ ቀን ለማጥፋት ሲባል በሚደረግ ጥድፊያ ነው። ውሃው በሙሉ ይደፋል፣ ፊልተሩ በቧንቧ ውሃ ይታጠባል፣ ጠጠሩ በሳሙና ይፈተጋል፣ በዚያ ላይ ምንነቱ በውል ያልታወቀ ኬሚካል ይጨመራል። በማግስቱ ጠዋት ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፈው ይገኛሉ። ስለዚህ ለሥራው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይስጡት፤ በእያንዳንዱ እርምጃም አስቀድመው የዓሣውን ትንፋሽ ያስቡ።

ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች የተሰሉት 100 ሊትር ውሃ ለሚይዝ፣ ጋፒና ሞሊ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ላሉበት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሳሎን ለተቀመጠ አኳሪየም ነው። የራስዎን ልክ ለማወቅ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የውሃውን ከፍታ በሴንቲሜትር ለክተው ያባዙና ለ1,000 ያካፍሉ። 80 በ35 በ40 የሆነው 112 ሊትር ይመጣል፤ ጠጠሩና ድንጋዩ አንድ አሥረኛ ያህሉን ስለሚወስዱ 100 ብለው ይያዙት። ይህን ሳያውቁ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይጨምሩ።

ለምን ይመጣል?

አልጌ፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚሉት፣ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ብርሃን፣ ናይትሬትና ፎስፌት፣ የሚቀመጥበት ቦታ። ናይትሬቱና ፎስፌቱ የሚመጡት ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ ነው። ውሃው ውስጥ በደንብ የሚያድጉ ተክሎች ካሉ ያንን ምግብ ቀድመው ይወስዱታል። ከሌሉ ወይም ከታመሙ፣ ያልተዘራ ማሳ አረም እንደሚያበቅለው ሁሉ ቦታውን አልጌ ይይዘዋል።

ከሦስቱ ወዲያው በእጅዎ ያለው ብርሃኑ ነው። ናይትሬትን ለመቀነስ ሳምንታት ይወስዳል፣ ተክል እስኪያድግም ወር ያልፋል። መብራት ግን ዛሬ ማታ ማሳጠር ይቻላል። ለዚህ ነው ከብርሃኑ የምንጀምረው።

ብርሃኑን ማስተካከል

መብራቱን በታይመር ላይ ያድርጉትና በቀን 6 ሰዓት ብቻ ይብራ። በእጅ የሚያበሩትና የሚያጠፉት ከሆነ አንድ ቀን 5፣ አንድ ቀን 12 ሰዓት መሆኑ አይቀርም። ሰው ቤት በሚገባበት ጊዜ ዓሦቹ እንዲታዩ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢሆን ይመቻል። በገበያ ያለው ታይመር የተጻፈበት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከ15 እስከ 21 ያለውን ይሙሉ። ሌላም ነገር አለ፦ ባትሪ የሌለው ተሽከርካሪ ታይመር ኤሌክትሪክ በጠፋበት ልክ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ሰዓት ከጠፋ መብራቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይበራል፤ በሳምንት አንዴ ሰዓቱን ያስተካክሉት።

መስኮት አጠገብ ያለ አኳሪየም ታይመሩን ከንቱ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ በበጋ ደመና የሌለው ፀሐይ በመስታወት አልፎ ቢገባ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ለአልጌ ይበቃዋል። ቦታ መቀየር ካልቻሉ ፀሐይ የሚመታውን ጎን በጥቁር ካርቶን ከውጭ ይሸፍኑት። አኳሪየሙን ለማዛወር ከወሰኑ ደግሞ ውሃው አንድ አምስተኛው ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ እስኪቀር ይቀነስ፤ ውሃ የያዘ መስታወት ሲነሳ መገጣጠሚያው ይላቀቃል።

መብራቱ ኃይሉ የሚቀነስ ዓይነት ከሆነ ወደ ግማሽ ያውርዱት። ካልሆነ ከውሃው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ከዚያ ሦስት ሳምንት አይንኩት። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን አይታይም፤ በየሁለት ቀኑ መለዋወጥ ተክሉን ብቻ ነው የሚጎዳው።

ውሃውን መለካት

የመመርመሪያ ኪት ካለ ሦስት ነገር ይለኩ። አሞኒያና ናይትራይት ለዓሣ መርዝ ስለሆኑ ሁልጊዜ ዜሮ መሆን አለባቸው። ናይትሬት ተክል ላለበት በሊትር ከ5 እስከ 20 ሚሊግራም ጥሩ ነው፤ ከ40 ሲያልፍ ውሃ መቀየር ተዘንግቷል ወይም ዓሣ በዝቷል ማለት ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ ያንንም ይለኩ፤ ከተማ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ከመነሻው ናይትሬቱ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ውሃ መቀየሩ ብቻ አያድንዎትም።

አሞኒያ ከተገኘ የአልጌውን ሥራ ያቁሙ። አልጌ የበዛበት ውሃ ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚሟጠጥ ፒኤቹ (የውሃውን አሲድነት የሚለካው ቁጥር) ይወጣል፤ ፒኤች ሲወጣ ያው የተለካው አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። መጀመሪያ ከውሃው አንድ ሦስተኛውን እየቀየሩ አሞኒያውን ያውርዱ፣ ምግብ ይቀንሱ፣ ዜሮ ሲሆን ወደ አልጌው ይመለሱ።

በጣት መለየት

አልጌ ሁሉ አንድ አይደለም። ለመለየት ማጉያ አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል።

መስታወቱና ጠጠሩ ላይ ቡናማ ዱቄት የመሰለ፣ በጣት ሲነካ ብን ብሎ የሚነሳ ከሆነ ዳያተም የሚባለው የአልጌ ዓይነት ነው። አዲስ በተሞላ አኳሪየም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይመጣል። በስፖንጅ ጠርገው ይታገሡ፤ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ጉም የመሰለ ቀለም ብቻ ከሆነ ብርሃኑን ማሳጠርና በየሳምንቱ መጥረግ ይበቃዋል። ክብ ክብ፣ ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከሆነና በጥፍር ካልተነሳ ግን ምላጭ ይፈልጋል። ይህኛው ብርሃን በዝቶ ፎስፌት ባነሰበት ቦታ፣ በተለይ ቀስ ብለው በሚያድጉ እንደ አኑቢያስ ባሉ ተክሎች ያረጁ ቅጠሎች ላይ ይወጣል። የተያዘውን ቅጠል ከሥሩ ቆርጦ መጣል ይሻላል።

ረጅም አረንጓዴ ክር ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ በእጅ ይወጣል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያስገቡና በአንድ አቅጣጫ ያሽከርክሩት፤ እንዝርት ላይ ፈትል እንደሚጠመጠመው ይጠመጠማል። ሦስት ዙር ከዞረ በኋላ በቀስታ ይሳቡት። ተክሉ አብሮ ከመጣ ብሩሹን ትንሽ ወደ ኋላ ያዙሩት።

ጥቁር ወይም ግራጫ፣ አጭር ጢም የመሰለ፣ በቅጠል ጠርዝና በፊልተር አፍ ላይ የሚበቅል፣ ቢጎትቱት የማይነቀል ከሆነ ጥቁር ጢም የሚባለው ነው። በዝርያው ከቀይ አልጌዎች ወገን ነው፤ አልኮል ውስጥ ቢነከር ወደ ቀይ ይለወጣል። ቆሻሻ የተጠራቀመበት፣ ውሃው የሚገፋበት ቦታ ይወዳል። በጣም አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ ሆኖ ጠጠሩን እንደ ብርድ ልብስ የሚያለብስ፣ በቱቦ ሲስቡት እንደ ቆዳ ተገፍፎ የሚነሳ፣ የረግረግ ሽታ ያለው ከሆነ አልጌ አይባልም፤ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከቢሾፍቱ አጠገብ ላለው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን የሚሰጠው ስፒሩሊና የዚሁ ወገን ነው። ስፒሩሊና ይበላል፤ ከወገኖቹ መካከል ግን እንደ ቆቃ ግድብ ማይክሮሲስቲስ መርዝ የሚያመነጩም አሉ። ስለዚህ ሲያጸዱት ጓንት ያድርጉ፣ ቱቦውን በአፍዎ አይሳቡ። ውሃ በማይንቀሳቀስበት ጥግ፣ ብዙ ጊዜም ናይትሬቱ ዜሮ በሆነበት ይመጣል። ኤሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ጨምሩበት የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ አይከተሉት። የፊልተሩን ጠቃሚ ባክቴሪያ ሊጎዳ ይችላል፤ በፍሳሽ ወደ ውጭ የሚሄደው መድኃኒት ደግሞ ለሰው የሚሆነውን መድኃኒት ኃይል ያሳጣል። ገፍፎ በቱቦ ማውጣት፣ የአየር ድንጋዩን (ከአየር ፓምፑ ቱቦ ጫፍ ላይ ሆኖ አረፋ የሚያወጣውን) ወደዚያ ጥግ ማዞርና ከታች የተገለጸው የሦስት ቀን ጨለማ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሆኖ የኋላው መስታወት ካልታየ አልጌው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ዓይነት ነው። ውሃ ቢቀይሩለት በሦስት ቀን ይመለሳል። ጨለማ ወይም ከፊልተሩ ጋር የሚያያዝ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ያስፈልገዋል፤ ለ100 ሊትር ከ5 እስከ 9 ዋት በቂ ነው። የዩቪው መብራት ከሳጥኑ ወጥቶ ሲበራ በዓይንዎ አይዩት።

የጽዳቱ ቀን

በሳምንት አንድ ቀን፣ 40 ደቂቃ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፤ የተፋቀው አልጌ ሳይዘቅጥ ከውሃው ጋር አብሮ እንዲወጣ ተብሎ የተደረደረ ነው።

1. ማሞቂያውን ከሶኬት ነቅለው 20 ደቂቃ ይጠብቁ። የሞቀ ማሞቂያ ውሃው ሲጎድል አየር ላይ ከቀረ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ፊልተሩንና መብራቱን ይንቀሉ። እጅዎ ውሃ ውስጥ ሳለ ምንም ነገር ሶኬት ላይ አይኑር። ዲቫይደሩ መሬት ላይ ከተቀመጠ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ የእያንዳንዱ ገመድ ሆድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ እዚያ ይንጠባጠባል።

2. መስታወቱን በአዲስ፣ ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ስፖንጅ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ። ከጠጠሩ ሁለት ጣት ሲቀር ያቁሙ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ስፖንጁ ውስጥ ከገባች የማይጠፋ ጭረት ታወጣለች። ለቀረችው ጠርዝ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይመቻል። ምላጭ ለመስታወት ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ የሆነ አኳሪየም ይቧጨራል። ጥግ ላይ ያለውን ሲሊከን ምላጭ ከነካው ደግሞ ከጊዜ በኋላ ማፍሰስ ይጀምራል።

3. ክሩን በጥርስ ብሩሽ ያውጡ፣ የተበላሹ ቅጠሎችን ይቁረጡ፣ ፕላስቲክ ጌጦችን ያውጡ።

4. ቱቦውን ውሃ ሞልተው በጣትዎ ደፍነው በማስገባት ከ25 እስከ 30 ሊትር ወደ ባልዲ ያውርዱ። የቱቦውን አፍ ጠጠሩ ውስጥ ተከል፣ ነቀል እያደረጉ ይሂዱ፤ ቡናማው ቆሻሻ ሲነሳ ይታያል። በአንድ ቀን የጠጠሩን ግማሽ ብቻ ያጽዱ፣ ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት ይተዉት።

5. የፊልተሩን ስፖንጅ ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት። ቡናማ ሆኖ መቅረቱ አያሳስብዎ። በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ አሞኒያ የሚያጠፉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ዓሦቹ የሚሞቱት በዚህ ነው። ጠጠሩን በደንብ ባጸዱበት ሳምንት ፊልተሩን ባይነኩት የተሻለ ነው።

6. አዲሱን ውሃ በሳህን ላይ እያፈሰሱ በቀስታ ይሙሉ። ሞልቶ ሲያበቃ ፊልተሩን፣ በመጨረሻ ማሞቂያውን ይሰኩ።

የወጣው ውሃ ለአበባና ለጓሮ ጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ነው። መድኃኒት የገባበት ከሆነ ግን ለሚበላ ነገር አያጠጡት።

የሚሞላው ውሃ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ሳያውቁት አንድ ጥቅም አላቸው፦ ውሃ አስቀድሞ ማጠራቀም ልማድ ሆኗል። ችግሩ የሚጠራቀመው በተከደነ ጀሪካን መሆኑ ነው። ክሎሪን በክፍት፣ አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሲቆይ ይወጣል፤ የአየር ድንጋይ ከገባበት ይፈጥናል። በተከደነ ጀሪካን ውስጥ ግን ብዙው እዚያው ይቀራል። የሮቶ ውሃም ቢሆን ዛሬ ጠዋት ከመጣው ውሃ ጋር ከተቀላቀለ እንደ አዲስ ይቆጠር። ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት የክሎሪን ማጥፊያ ካገኙ ጠርሙሱ ላይ ባለው ልክ ይጨምሩ፤ የሚሠራው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ሙቀቱን አይርሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧ ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ ጋፒ ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋል። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ባልዲው ውስጥ እየቀላቀሉ ከአኳሪየሙ ጋር ያለው ልዩነት ከ2 ዲግሪ እንዳይበልጥ ያድርጉ።

ምግብና ተክል

ብዙ ቤት ውስጥ አልጌውን የሚቀልበው የዓሣውን ምግብ የሚሰጠው እጅ ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ይስጡ። በሳምንት አንድ ቀን ጾም ቢውሉ ጤነኛ አዋቂ ዓሦች ምንም አይሆኑም። ልጆች ምግቡን እየተቀባበሉ የሚሰጡበት ቤት ከሆነ የሳምንቱን በሰባት ትናንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይረዳል፤ የዛሬው ወረቀት ከሌለ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ተክል በተመለከተ ቶሎ የሚያድግ ይምረጡ። ሆርንዎርትና ቫሊስኔሪያ ይመቻሉ። አኳሪየሙ ከላይ ክፍት ከሆነ ሳሎን ውስጥ የሚሰቀለውን ፖቶስ ግንዱን ቆርጠው ሥሩ ብቻ ውሃው ውስጥ እንዲሆን ጠርዙ ላይ ያስይዙት። ቅጠሉ አየር ላይ ስለሆነ በፍጥነት ያድጋል፣ ናይትሬቱንም ይስባል። ቅጠሉን ዓሣ እንዳይበላው ከውሃው በላይ ይሁን።

ተንሳፋፊ ተክል ፈልገው እምቦጭ ለማምጣት አያስቡ። ውሃ ያጠራል የሚባለው እውነት ቢሆንም ጣና ላይ ያደረሰው ይታወቃል፤ ከአንድ ቁራጭ ይባዛል። ማንኛውንም የአኳሪየም ተክል ሲጥሉ አድርቀው በደረቅ ቆሻሻ ይጣሉት፤ ዓሣም ሆነ ቀንድ አውጣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይልቀቁ።

የሦስት ቀን ጨለማ

ለአረንጓዴ ውሃ፣ ለሳያኖባክቴሪያና ለክር የሚሠራ፣ ኬሚካል የሌለው መንገድ ነው። አንድ አደጋ ግን አለው፤ ኦክስጅን።

25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ያው ውሃ ከ6 ብዙም አያልፍም። ማለትም ዓሦቻችን ገና ከመነሻው ሩቡን ያጡ ናቸው። ብርሃን ሲጠፋ ተክልና አልጌ ኦክስጅን መስጠት አቁመው እነሱም መተንፈስ ይጀምራሉ፤ የሚሞተው አልጌ ሲበሰብስ ደግሞ የቀረውን ይወስዳል። በሌላ አገር ባለ ቆላ ከተማ ለሚኖር ሰው የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርዎትም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጽዳቱን ቀን ሥራ በሙሉ ይጨርሱና በእጅ የሚወጣውን አልጌ ያውጡ፤ ያልወጣው ሁሉ እዚያው ይበሰብሳል። ውሃውን 40 ሊትር ይቀይሩ። የአየር ፓምፕ ያስገቡና ቀንና ሌሊት ይሥራ። መብራቱን ይንቀሉ፣ አኳሪየሙን በጥቁር ፕላስቲክ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ከጎኖቹ ይሸፍኑ። ከላይ አየር የሚገባበት ክፍተት ይተዉ፣ ጨርቁም ውሃውን አይንካ፤ ውሃ እየሳበ ወደ ወለሉ ያንጠባጥባል። ሦስት ቀን ምግብ አይስጡ። በቀን አንድ ጊዜ በስልክ መብራት ዓሦቹን ብቻ አይተው ይመለሱ። በአራተኛው ቀን ገልጠው 50 ሊትር ይቀይሩ፣ አሞኒያ ይለኩ።

መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ ወይም በፓወር ባንክ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳይኖርዎት ይህን አይጀምሩ። ኃይል ከሁለት ሰዓት በላይ ከጠፋ ሳጥኑ ዝግ የሆነ ዓይነት ፊልተር ውስጥ ያለው ውሃ ይበላሻል፤ ኃይሉ ሲመለስ ያንን ውሃ ወደ አኳሪየሙ ሳያስገቡ ደፍተው፣ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቀው ያስነሱት።

ጥቁሩ ጢምና ፐርኦክሳይድ

ለጥቁር ጢም ጨለማ ብዙም አይረዳም። እዚህ ላይ ፋርማሲ የሚገኘው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥንቃቄ ይሠራል፤ ሥራውን ሲጨርስ ውሃና ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። የምንናገረው ስለ 3 በመቶው ነው። 6 በመቶ ከሆነ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ለፀጉር ሥራ የሚሸጠው ክሬም ሌሎች ኬሚካሎች ስላሉበት ጨርሶ አይጠቀሙበት።

ለ100 ሊትር የቀኑ ጣሪያ 25 ሚሊሊትር ነው። ለመጀመሪያ ቀን 10 ይበቃል። ፊልተሩን ያጥፉና ውሃው ይረጋ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከጢሙ አንድ ሴንቲሜትር ርቀው በጣም በዝግታ ይልቀቁ። ወዲያው ጢሙ ላይ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይወጣል፤ ዒላማውን እንዳገኙ የሚያውቁት በዚህ ነው። 10 ደቂቃ ጠብቀው ፊልተሩን ያስነሱ። በማግስቱ ሌላ ቦታ ላይ ይቀጥሉ፤ ሦስት ቀን ሠርተው አንድ ሦስተኛ ውሃ ይቀይሩ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ጥቁሩ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ አመድ ቀለም ከዞረ ሞቷል፤ ቀንድ አውጣዎች ይጨርሱታል። ቀለሙ ካልተለወጠ መጠን ከመጨመር ይልቅ ቅጠሉን ቆርጠው ይጣሉ።

ሽሪምፕ፣ እንዲሁም ቫሊስኔሪያና ሞስ የሚባሉት ተክሎች ፐርኦክሳይድን አይወዱም፤ በእነሱ አጠገብ አይርጩ። ጓንት ያድርጉ፣ ዓይንዎን ይጠብቁ። ከሌላ ከማንኛውም የአልጌ መድኃኒት ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ አይቀላቅሉ። መዳብ ያለበት ማንኛውም የአልጌ መድኃኒት ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን ይጨርሳል፤ ጠጠር ውስጥም ስለሚቀር ከወራት በኋላ የሚገቡትንም ይጎዳል።

በረኪና አኳሪየሙ ውስጥ በጭራሽ አይገባም። ለፕላስቲክ ጌጥ ግን ውጭ፣ አየር ባለበት ቦታ፣ አንድ እጅ በረኪና በ20 እጅ ውሃ ቀላቅለው 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይቻላል። ከዚያ አለቅልቀው፣ ክሎሪን ማጥፊያ ባለበት ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ ሽታው ጨርሶ ሲጠፋና ሲደርቅ ይመልሱት። መስታወቱ ጫፍ ላይ ለሚጋገረው ነጭ ኖራ አቼቶ በጨርቅ ነክሮ መጥረግ ይረዳል፤ በረኪናና አቼቶ ግን አንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ለዓሣው ሳይሆን ለእርስዎ ሳንባ ያሰጋል።

አልጌ በሊታዎች

ሱቅ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር የሆነው ፕሌኮ የሚባል ዓሣ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ያድጋል፤ ሲያድግ አልጌ መብላቱን ትቶ ከሚበላው በላይ ያቆሽሻል። ለ100 ሊትር አይሆንም። 12 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ የሚቆመው አንሲስትረስ ይሻላል፤ አንድ ብቻ። ኦቶሲንክለስ ትንሽና ገራም ነው፣ በስድስት ይኖራል፤ አዲስ አኳሪየም ውስጥ ግን የሚበላው አጥቶ በረሃብ ይሞታል፤ ከሦስት ወር በፊት አያስገቡት። አልጌው ሲያልቅ የተቀቀለ ዝኩኒ ቁራጭ ይስጡት፣ ያልተበላውን በማግስቱ ያውጡ። ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ መስታወትን እንደ እሱ የሚያጸዳ የለም፤ እንቁላሉም በጨው አልባ ውሃ ስለማይፈለፈል አይበዛም።

ዓሦቹ ወደ ላይ ሲያፈጡ

ጠዋት ዓሦቹ ሁሉ ውሃው ፊት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከከፈቱ ኦክስጅን አልቋል። ምክንያቱን ቆይተው ይፈልጉ። መጀመሪያ የአየር ፓምፑን ያብሩ። ከሌለ በጆግ ከአኳሪየሙ እየቀዱ ከ30 ሴንቲሜትር ከፍታ መልሰው ያፍስሱ፤ ሳያቋርጡ፣ አሥር ደቂቃ። ክዳኑን ያንሱ፣ ብርድ ልብሱን ይግፈፉ፣ መብራቱን ያብሩ። ቀጥሎ ክሎሪኑ ወጥቶ የተዘጋጀ ውሃ ካለ 30 ሊትር ይቀይሩ። በቧንቧ ውሃ ለመሙላት አይቸኩሉ። ሲረጋጉ አሞኒያ ይለኩ፣ የሞተ ዓሣ ተክል ሥር እንዳለ ይፈልጉ። ለዚህ ሲባል አንድ የተዘጋጀ ባልዲ ውሃ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ይቀመጥ።

ብርሃኑን መመለስ

ሦስተኛው ሳምንት አልፎ መስታወቱ በሳምንት አንድ ጊዜ በመጥረግ ብቻ ንጹሕ ከቆየ በየሁለት ሳምንቱ 30 ደቂቃ ብርሃን ይጨምሩ። አልጌው በተመለሰበት ቀን ወደ ቀደመው ሰዓት ይመለሱና እዚያ ይቆዩ፤ የአኳሪየምዎ ልክ እሱ ነው። ከ8 ሰዓት በላይ መሄድ አያስፈልግም። የኋላውን መስታወት ግን ባይፍቁት ይሻላል። እዚያ የቀረው ስስ አረንጓዴ ለሞሊዎቹና ለቀንድ አውጣዎቹ የቀን ሙሉ ግጦሽ ነው።